ኤልያማ መርከብ ከመሳፈሯ በፊት

ከአንድ ማኅፀን ከእኔ በኋላ ለወጣሽ፣ በአንድ ሰሌን ላይ ከአጠገቤ ተቀምጠሽ የቤተ ክርስቲያናችንን የሱርስት ፊደል ለቆጠርሽ፣ ለምወድሽና አንዳንዴም ለምፈራሽ ታናሽ እኅቴ፤

ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ያሰኘ ጌታ የልብሽን ማዕበል ጸጥ ያድርግልሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መድኃኒተኛው ያዘዘልሽን ዘይት አሙቀሽ ትቀቢያለሽን ወይስ እንደ ልማድሽ «ከእኔ የባሰባት አለች» ብለሽ ለጎረቤት ሰጥተሽዋል? የቁንዶ በርበሬው ሐረግ የሰሞኑን ነፋስ ቻለው? ዳክዬዎቹስ ወንዙ ሲሞላ በጊዜ ገቡ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ ግን ስለ ሥጋዬ ነው፤ ልቤማ ከዓርብ ጀምሮ መቀመጫ አጥቷል። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ብዕሩን አስቀምጬ እስከ በረንዳው እሄዳለሁ፣ ከዝናቡ ማዶ በወደቡ የታሰረችውን ነጭ መርከብ አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ደግሞም እነሣለሁ።

ደጅሽን እንዳልረግጥ አዝዘሽኛል፤ እግሬም ትእዛዝሽን አክብሯል። እጄን ግን አልከለከልሽውምና እነሆ እጽፋለሁ። ይህን የሚያደርስልሽ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነው። መልስ ካለሽ በቃል ንገሪው፤ ያንቺ የቃል መልስ አጭርና የተሳለ ስለ ሆነ በመንገድ አይጠፋበትም።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። የምርምር መርከቧ ሐሙስ ጠዋት ትነሣለች። ምራትሽ ኤልያማ ስሟ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተጽፏል፤ ጠርሙሶቿ ታጥበው ታሽገው ተጭነዋል፤ እርሷ ግን እኔ ቤት የኋላው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ እማማ ካልፈቀዱ አልሄድም ትላለች። ካልሄደች ይህ ዝናብ ያልፋል፤ ዝናቡ ካለፈ የምትፈልገው ውኃ ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ የዶክትሬት ሥራዋም ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ከዝናቡ በኋላ የሚሰጠው የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ መርከቧም በሚቀጥለው ክረምት ወደ ሌላ ባሕር ተመድባለች። የሚያስፈልገው ያንቺ አንድ ቃል ብቻ ነው። ይህን ቃል ልለምንሽ ነው ይህ ሁሉ ጽሑፍ።

ዓርብ ዕለት የሆነውን አንቺም እኔም አይተናል፤ ነገር ግን አንቺ ያየሽው መጨረሻውን ነውና መጀመሪያውን ልንገርሽ።

ኤልያማን ለልጅሽ ለመርከበኛው ለኒናን ልትጠይቂ ስትነሺ ምን ትማራለች ብለሽ እኔን ጠይቀሽኝ ነበር። ባሕርን ብዬ ስመልስልሽ፣ «ባሕር ምኑን ይማሩታል? ጨው ነው፤ ቀምሶ መትፋት ነው» ብለሽ አሳቅሽኝ። ከሠርጉ በኋላ ግን ለመንደሩ ሁሉ ምራቴ ዶክተር ልትሆን ነው እያልሽ ስትናገሪ፣ ሴቶቹ ሳላቸውንና ቁርጥማታቸውን ይዘው ደጅሽ ተሰለፉ። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ወጥተሽ፣ «የባሕር ዶክተር ናት፤ ባሕር ሲታመም ነው የምታክመው፤ እናንተ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ያልሻቸውን እስከ ዛሬ በኮሌጃችን እንደ ተረት ይተርኩታል። እኅቴ ሆይ፣ እንደ ቀልድ የተናገርሽው እውነት ነበር። በዚህ በዝናቡ ወራት ቀዝቃዛው የጥልቅ ውኃ፣ አየር ያነሰው ውኃ፣ ወደ ዳርቻችን ይወጣል። መረብ ጣዮቹ የደነዘዘ ሽሪምፕ ይዘው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ኤልያማ የምትጠይቀው በዚያ በታመመ ውኃ ውስጥ መዳብ ምን እንደሚሆን ነው፤ መዳብ ከመጠን ሲያልፍ በዓይን የማይታዩትን የባሕር ዕፅዋት ይገድላልና፣ ሲያንስም ያስርባቸዋልና። እነዚያ ዕፅዋት ከሞቱ ዓሣው አይቆይም፤ ዓሣው ካልቆየ በዳርቻው ያሉ ሰዎች እሑድ ምን ይዘው ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ አንቺው ታውቂያለሽ።

በባሕር ውስጥ ያለው መዳብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሐይቃችን ውስጥ የሰናፍጭ ቅንጣት ብትጥዪና ከዚያ በኋላ በማንኪያ ቀድተሽ ብትፈልጊያት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በኮሌጁ ወዳለችው፣ በፕላስቲክ መጋረጃ ወደ ተሸፈነችው የመለኪያ ክፍላችን የሚገባ ሰው ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ ቀለበቱን፣ የፀጉር መርፌውን፣ በቀሚሱ የሰካውን መርፌ ቁልፍ ሳይቀር በደጅ ይተዋል። ፊቷን ፓውደር የተቀባች ልጅ ታጥባ ትገባለች። ተማሪዎቹ በዚህ ይቀልዳሉ፤ የእኛ ትምህርት ክፍል ዲግሪ ሳይሆን የዕቃ አጣቢነት ፈቃድ የሚሰጥ ነው ይላሉ። ኤልያማ ለጀማሪዎቹ የመጀመሪያውን ትምህርት ስትሰጥ ከበሩ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ጠርሙስ አንሥታ ናሙና ከመያዙ በፊት በዚያው በሚቀዳው በባሕሩ ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅን ታሳያቸዋለች፤ እንዲህም አለቻቸው፦ «ጠርሙሱ የትናንቱን ውኃ እንዲረሳ አድርጉት። እናንተ ቸኩላችሁ ይሆናል፤ እሱ ግን አይቸኩልም፤ ካልረሳ ይዋሻችኋል።» እኔ ዕድሜ ልኬን አስተማርሁ፤ እንዲህ አድርጌ የተናገርሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በመጀመሪያው ዓመት ይህችው ልጅ አንድ ነገር ብቻ አላወልቅም አለች። ሚኑዋን። ኒናን በሠርጉ ዕለት፣ እኔ በቆምሁበት፣ ከሠርግ ልብሷ በተመዘዘው ክር በአንገቷ ያሰረላትን፣ መስቀል ያለባትን ያችን ትንሽ የወርቅ ቅጠል። ሌላውን ሁሉ በምስማር ላይ ሰቅላ ሚኑዋን ብቻ ከልብሷ ሥር በፕላስተር ለጥፋ ትገባ ነበር። እኔም አላስገደድኋትም፤ ያገባች ሴት ባሏ በሕይወት ሳለ ሚኑዋን እንደማትፈታ የምናውቅ ሰዎች ነን። በዚያ ክረምት የሰበሰበችው ናሙና ሲለካ በእርሷ እጅ የተቀዳው ሁሉ መዳቡ በዛ። ውኃውን ጠረጠርን፣ ጠርሙሱን ጠረጠርን፣ አሲዱን ጠረጠርን፤ ጣሪያውን እንኳ አስጠረግሁ። በመጨረሻ ራሷ መጣችና ቆማ፣ ጌጥ የሚሠራበት ወርቅ እንዲጠነክር ከምን ጋር እንደሚቀላቀል ጠየቀችኝ። ከመዳብ ጋር ነው። ፕላስተሩ በላብ ይለቅቅ፣ ሚኑውም በጠርሙሱ አፍ ላይ ይወዛወዝ ነበር። የአንድ ክረምት ሥራ ፈሰሰ። ያለ ለቅሶ ራሷ ደፋችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በንጹሕ ከረጢት አድርጋ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር በምስማሩ ላይ ትሰቅለው፣ ስትወጣም መልሳ ታስረው ጀመር።

ይህን ያህል ጊዜ አላወቅሽም። ያወቅሽው በቅዱስ ቶማስ በዓል በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የነገረችሽ ሴት ስላለች ነው። እርሷም አንድ ማታ በአውቶቡስ ላይ የኤልያማን ባዶ አንገት አይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ባልሽን ባሕር በላው እንዴ?» ብላት ኖሯል። ኤልያማ ዕቃ ረስቼ ነው አለቻት።

ዓርብ መጣሽ። ነጭ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ጥላሽ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ማንንም ሳትጠይቂ ክፍሉ ደጃፍ ቆምሽ። በኮሌጁ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬን ልታዪ አልመጣሽም ነበርና ሳይሽ ደስ አለኝ፤ ደስታዬም እስከ ምስማሩ አልዘለቀም። በእኔ የበር ቁልፍና በአንዱ ተማሪ የእጅ ሰዓት መካከል ተንጠልጥሎ አየሽው። «እንደ ቁልፍ? እንደ ጓዳ ቁልፍ በምስማር?» አልሽ። እኔ ላስረዳሽ ስጀምርም አልቆየሽልኝም። «ዕድሜ ልክህን ጨው ስትመዝን ኖርህ። ዛሬ ደግሞ የልጄን ትዳር ልትመዝንልኝ ነው?» ብለሽ ሚኑውን በመሐረብሽ ቋጥረሽ ያዝሽ። ባዶ አንገቷን ይዛ ደጄን እንዳትረግጥ፣ አንተም እንዳትመጣ ብለሽ ወጣሽ። ተማሪዎቹ ግድግዳ ተለጥፈው ቀሩ።

አንቺ ያላየሽው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ኤልያማ ከመጋረጃው ስትወጣ እጇ እንደ ልማዷ ወደ ምስማሩ ሄደ፤ ባዶውን ዳሰሰች። ማን እንደ ወሰደው ነገርኋት። ትጮኻለች ብዬ ወንበር ስቤላት ነበር። አልተቀመጠችም። «እማማ ናቸው የወሰዱት? እንግዲያ አልጠፋም» አለችና የቀሩትን ጠርሙሶች ልታጥብ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ጽሑፌን አቋርጬ ነበር። ኤልያማ የሩዝ አጥሚት አምጥታ ሳትበላ አልወጣም ብላ ቆመችብኝ። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችም፤ እኔም ገጹን በእጄ ሸፈንሁ። ሁለታችንም የሸፈንሁትን እናውቅ ነበር።

አሁን እንደ ወንድም ብቻ ሳይሆን ካህኑና የሱርስት መምህሩ አባታችን ማልፓኑ እንዳስተማረን ልንገርሽ። ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ሲታዘዝ ጫማው የተናቀ ስለ ሆነ አልነበረም፤ የቆመባት ምድር የከበረች ስለ ሆነች ነው እንጂ። አባታችንም ወደ መሠዊያው ሲገባ እናታችን የሰጠችውን ቀለበት በደጅ ትቶ ይገባ እንደ ነበር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታስታውሻለሽ፤ ቀለበቱን ተቀብለሽ የምትይዢው አንቺ ነበርሽና። ስለዚህ ትዳሩ ተናግቶ ነበርን? እኔ ራሴ ነፍሷን ይማርና ሚስቴ በሕይወት ሳለች ከሰላሳ ዓመት በላይ ቀለበቴን በየጠዋቱ አውልቄ በሻይ ስኒ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። አንድም ሰው ሚስትህን ምን አደረግሃት ብሎ አልጠየቀኝም። ወንድ ሲያወልቅ ሥራ ነው፣ ሴት ስታወልቅ ሟርት ነው የሚለውን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘነው ፈልጌ አላገኘሁትም፤ በሱርስቱም የለም።

ሆኖም ባዶ አንገት ለአንቺ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም። የባልሽ ሣጥን ሊከደን ሲል ሴቶቹ ሚኑሽን ከአንገትሽ ፈትተው ከእርሱ ጋር ሲያኖሩት ከአጠገብሽ ቆሜ ነበር። እጅሽን ወደ አንገትሽ ወስደሽ እስኪመሽ አላወረድሽም። ስለዚህ ቁጣሽን ንቄ አይደለም የምጽፈው።

ደግሞም ስለ ኒናን ደኅንነት መስማት ትወጃለሽና የሰማሁትን አልደብቅሽም። ዝናቡ ሲጀምር ፓይሊ የሚባል የመርከብ ባልደረባው ለዕረፍት ወደ አገር ሲገባ ኮሌጁ ድረስ መጥቶ ነበር። ኤልያማን በትልቁ ዛፍ ሥር አነጋገራት፤ እኔም ሰላምታ ብቻ ተለዋውጬ ራቅ አልሁ። በኋላ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ኒናን ጤናው ሙሉ ነው አለኝ። ወፍሯል። ከመርከብ ወርዶ ባሕር ማዶ በአንድ የወደብ ከተማ ሥራ ይዟል፤ ቤትም ተከራይቷል፤ የአገሩን ምግብ ለምዷል። ማን ያበስልለታል ብዬ ስጠይቀው ዝናቡ በረታ አለና ጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ሌላውን ለኤልያማ የነገራትን እንዳልናገር ቃል ገብቼላታለሁና አልናገርም። በዚያ ቀን ወደ ክፍሏ ገብታ የጀመረችውን ልኬት ያለ አንዲት ስሕተት ጨረሰች፤ ስትወጣ ግን ሚኑዋን ሳታነሣ በምስማሩ አጠገብ አልፋ ሄደች። ያች ሴት በአውቶቡስ ያየቻት በዚያ ማታ ነው፤ ቤትሽ ስትደርስ ግን ስለ ዝናቡ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ነበርና አንቺ አላየሽም። በማግሥቱ ማለዳ ከሁሉ ቀድማ መጥታ አንሥታ በእጇ ጨብጣው አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ማታ እንኳ አልረሳችም።

ቅዳሜ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅኋት፤ ሥራው ይህን ያህል ካስቸገረሽ ለምን ከመጀመሪያው ለእማማ አልነገርሻቸውም አልኋት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦

«ጠዋት ማውለቁ አይደለም የከበደኝ መምህር። ማታ መልሶ ማሰሩ ነው። ፌርማታው ጋ ስደርስ አደርገዋለሁ። እማማ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ፤ ከፊቴ በፊት አንገቴን ነው የሚያዩት። ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ይበቃል።»

ሌላ አልጠየቅኋትም።

አንቺንም አልጠይቅሽም፤ አንድ ነገር ግን ልበልሽና ተቆጪኝ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን አንባቢ ነኝ፤ ለመንገደኞች በሚጸለይበት ሰዓት የሰዎችን ስም በጆሮዬ የሚያንሾካሹኩልኝን ተቀብዬ አሰማለሁ። ኒናን ካገባ ጀምሮ በየእሑዱ ሁለት ስም ትሰጪኝ ነበር፤ የእርሱንና የእርሷን፣ አንድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ። በፋሲካ ሰሞን በጎረቤትሽ ሱቅ ስልክ ልጅሽ ደውሎልሽ እንደ ተነጋገራችሁ ሰምቻለሁ፤ በዓሉን ደስ ብሎሽ ትውያለሽ ብዬ ስመጣ ራስሽን አሞሽ ተኝተሽ አገኘሁሽ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የምትሰጪኝ ስም አንድ ነው። የኤልያማ ብቻ። ልጅሽን በቤትሽ በሥዕሉ ፊት ብቻሽን እንደምታነሺው አምናለሁ፤ እናት የወለደችውን አትተውምና። እኔም በየእሑዱ የሰጠሽኝን አንዱን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ አሰማሁ፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁ።

በክፍላችን በር ላይ ቆመሽ ስትቆጪ፣ ቁጣሽ ስለ ልጅሽ ትዳር መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አስቤ ሌላ መሰለኝ። አንዲት ሴት ገና ባልሄደባት ሰው ላይ ቀድማ በር የምትዘጋው ይሄድብኛል ብላ የፈራች ጊዜ ነው። ሁለታችሁ አንድ ሸክም ከሁለት ወገን አንሥታችሁ፣ አንዳችሁ ለሌላዋ እንዳይከብዳት ብላችሁ እንዳልያዛችሁ ሆናችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በዪኝ። ካልተሳሳትሁ ደግሞ መልስ አያስፈልገኝም።

አሁን ልመናዬን ስሚ። ሚኑውን መልሺ አልልሽም። ከእኛ ምስማር ይልቅ ያንቺ ሣጥን ይሻለዋል፤ እዚያው ይቆይ። መርከቧ ላይም ለእርሱ ቦታ የለም፤ ጠርሙሶቹ ከጥልቁ ሲወጡ በመርከቡ ጀርባ ላይ ለአፍታ የሚደርሳቸው እጅ የእርሷ ነው፤ ያ እጅ ንጹሕ ካልሆነ የዚህም ክረምት ሥራ እንደ መጀመሪያው ይፈስሳል። እኔ ለኮሌጁ ያለኝ ጊዜ አልቋል። ካስተማርኋቸው መካከል የተሻሉት ወደ ዘይት ኩባንያዎችና ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ፤ አልቀየምኋቸውም። ያችን በመጋረጃ የተሸፈነች ክፍል ተረክቦ ጀማሪዎቹን ጠርሙስ ማጠብ የሚያስተምር ሰው ግን አንዲት ብቻ አለችኝ፤ እርሷም ባንቺ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥላለች። ልጅ የለኝም፤ ልመናዬን ስለ ልጄ እንደምለምንሽ አድርገሽ ቁጠሪው።

ትላንት ማታ ራት ላይ ካሳቫውንና የዓሣውን ወጥ አቅርባ ስትቀመጥ፣ እንግዲህ እማማ ባይፈቅዱ ትቀሪያለሽ፣ ቢፈቅዱ ግን ከመርከብ ስትወርጂ ሻንጣሽን ይዘሽ ወዴት ትሄጃለሽ ብዬ ጠየቅኋት። የራሷ አባት ቤት አለ፤ የኮሌጁም የሴቶች ማደሪያ አለ፤ የእኔም የኋላ ክፍል አለ። ይህን ሁሉ ቆጠርሁላት። እንደ ሞኝ ነው ያየችኝ።

«የት እሄዳለሁ? እማማ ቤት ነዋ» አለች። አላስገባም ቢሉሽስ አልኋት። ዓሣዋን ከአጥንቱ እየለየች፣ «በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው በዝናብ ሰው ውጭ አያሳድሩም፤ ትንሽ ይሳደቡና ያስገቡኛል» አለችኝ።

ይህን ስትል ሚኑ አልነበራትም እኅቴ። አንገቷ ባዶ ነበር፣ አንቺም አልነበርሽም፣ የምታስደስተውም ሰው በፊቷ አልነበረም።

እንግዲህ የድንግል ልጅ በመንገዷ ሁሉ ይከተላት፤ ያንቺንም መግቢያና መውጫ ይጠብቅ። የአባታችን የማልፓኑ ጸሎት አይለይሽ። በጥልቁ ላይ የሚሰማራውን ነፋስ የሚያዝዝ አምላክ የቤትሽን ጣሪያ ያጽናልሽ። ደወል ደዋዩን ዝናቡ እስኪያባራ ይቀመጥ ብለሽ አታዘግዪብኝ፤ እኔ እዚህ በረንዳና ጠረጴዛ መካከል እመላለሳለሁ።

ደጅሽን እንዳይረግጥ የታዘዘው፣ ቃልሽን የሚጠብቀው
ታላቅ ወንድምሽ